ሠዓሊ ሲጓዝ ቀለሙም ይጓዛል

አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ አገር ለሥራ ተመደበ በተባለ ጊዜ ዘመድ ወዳጁ የሚለውን መቼም ሰምተሃል። «አይዞህ፤ ጥቂት ታገሥና ዝውውር ትጠይቃለህ» ይሉታል። ያው ወጣት ወደ ባሕር ማዶ ሊሻገር ነው የተባለ እንደ ሆነ ግን ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ሁለቱም መንገድ ነው፤ ሁለቱም ከእናት ጓዳ ይለያል። ታዲያ አንደኛው ለቅሶ፥ ሁለተኛው ሠርግ የሚመስለው ስለ ምን ይሆን? የደመወዙን ነገር ለጊዜው እንተወው። እኔ ዛሬ ላጫውትህ የፈለግሁት መንገድ በዓይን ላይ ስለሚያደርገው ነገር ነው። ለምስክርነትም የምጠራው በቀለም ብቻ የሚናገረውን ሠዓሊ ነው።

በቀለም ብቻ የሚናገር ስል ረቂቅ ሥዕል የሚሠራውን፥ ብዙዎች «አብስትራክት» የሚሉትን ማለቴ ነው። ሰውን፥ ቤትንና ዛፍን አስመስሎ የሚሥል ሠዓሊ ከሩቅ አገር ሲመለስ ምን እንዳመጣ ለማወቅ ችግር የለም፤ ግመል አይቶ እንደ ሆነ ግመል፥ መርከብ አይቶ እንደ ሆነ መርከብ በሸራው ላይ እናገኛለን። ረቂቅ ሠዓሊ ግን ግመሉንም መርከቡንም እዚያው ትቶ የሚመጣ ነው። በጉምሩክ ቢፈተሽ የሚያዝበት ዕቃ የለውም። የሄደበት አገር በሥራው ላይ ምልክት ትቶ እንደ ሆነ ምልክቱን የምንፈልገው ከቀለሙ ዘንድ ነው። ቀዩ ምን ያህል ቀላ? ጥቁሩ ከማን አጠገብ ተቀመጠ? ነጩ በራ ወይስ ደበዘዘ? መንገድ ዓይንን ይለውጥ እንደ ሆነ ለመመርመር ከእርሱ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ደግሞም ቀለም ራሱ መንገደኛ ነው። የሠዓሊ ቀለም ከሚሸጥበት ሱቅ ገብተህ የቱቦዎቹን ስም ብታነብ የጂኦግራፊ መጽሐፍ የገለጥህ ይመስልሃል። «ሲየና» የተባለው ቡናማ ቀለም ስሙን ያገኘው በኢጣሊያ ካለች ከተማ ነው። «ኡልትራማሪን» የተባለው ጥልቅ ሰማያዊ ደግሞ ትርጓሜው «ከባሕር ማዶ» ማለት ነው፤ ይሠራበት የነበረው ላፒስ ላዙሊ የተባለው ድንጋይ ከአፍጋኒስታን ተራሮች ተፈልፍሎ፥ ብዙ አገር አቋርጦ ወደ ኢጣሊያ ይገባ ነበርና። በ19ኛው መቶ ዓመት በፋብሪካ መሠራት እስኪጀምር ድረስም ዋጋው ከወርቅ ጋር ይወዳደር ነበር። እንግዲህ ቀለሙ ይህን ያህል ከተጓዘ፥ ቀቢው ቢጓዝ ምን ይደንቃል?

ከተጓዙት ሠዓሊዎች መካከል ስሙ ዘወትር የሚነሣው ስዊዘርላንድ የተወለደው ፓውል ክሌ ነው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስታውስ።) ክሌ እስከ 1914 ድረስ በይበልጥ የሚታወቀው በጥቁርና በነጭ መሥመር ሥዕል ነበር። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር ከሁለት ሠዓሊ ጓደኞቹ ጋር ወደ ቱኒዚያ ተሻገረ። የቆየው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን የቱኒስ፥ የሐማሜትና የካይሩዋን ነጫጭ ቤቶች በአፍሪካ ፀሐይ ሲመቱ አይቶ፥ ቤቱን ትቶ ፀሐዩን፥ ግንቡን ትቶ የቀለሙን አራት ማዕዘን ብቻ ይዞ ተመለሰ። ራሱን ሠዓሊ ብሎ ለመጥራት የደፈረውም በዚያ ጉዞ ላይ እንደ ነበረ በማስታወሻው ጽፏል። ሁለት ሳምንት! እኛ አንዳንድ ጊዜ የአበል ሒሳብ ለማወራረድ የሚፈጅብን ጊዜ ነው።

ክሌ የተጓዘው ከደመና አገር ወደ ፀሐይ አገር ነው። የእኛ ሰዎች ግን የሄዱት በተቃራኒው ነው፤ ከፀሐይ ወደ ደመና። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን የሚጽፉና በሥዕል የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ። ልጁ ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብን ተማረ። ኮሎኝ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ከ100 ሜትር ያነሰ ነው፤ በታኅሣሥ ወር ቀኑ 8 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ፀሐይዋም ብትወጣ ከቤቶች ጣሪያ ብዙም ከፍ አትልም። በሐረር ብርሃን ያደገ ዓይን በዚያ ምን ይሆናል? ይደበዝዛል ብትል አትፈረድም። ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም። በ1962 ተመልሶ በሚቀጥለው ዓመት በአዲስ አበባ ሥራዎቹን ባሳየ ጊዜ ሕዝቡ ያየው ሥዕል የደበዘዘ አልነበረም። በ1963 በሠራው «ጎልጎታ» በተባለው ሥዕል ላይ የነገሠው ቀይ ቀለም የሚጮኽ ቀይ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ያ ቀይ በኮሎኝ ደመና ሥር ብዙ ጊዜ የተናፈቀ ቀይ ነው። ሰው በአገሩ ሳለ ቀዩን ያየዋል፤ ከአገሩ ሲወጣ ግን ይርበዋል። የተራበ ዓይን የሚሥለውና የጠገበ ዓይን የሚሥለው አንድ አይደለም።

በዚያን ጊዜ ይህ የፈረንጅ ሥራ ነው፥ ኢትዮጵያዊነት የለውም ብለው የነቀፉት ሰዎች ነበሩ። ሌሎች ደግሞ አከበሩት፤ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን ሽልማት ተቀበለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአገር ወጥቶ በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ አረፈ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ተሰይሟል። ተማሪ ከሆንህ ሄደህ ተመልከት። ስለ ቅርጹ አትጨነቅ፤ ቀለሞቹን ብቻ እያየህ፥ ይህ ሰው የት የት ነበረ ብለህ ራስህን ጠይቅ።

እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ በ1937 በአዲስ አበባ ተወልዶ በ1955 ወደ ለንደን፥ ሁለት ዓመት ቆይቶም ወደ ፓሪስ ተሻገረ። በፓሪስ ሳለ ከወደዳቸው ሠዓሊዎች አንዱ ያው ፓውል ክሌ ነበር። ነገሩን ልብ በል፤ ስዊዘርላንዳዊው ቀለም ፍለጋ ወደ አፍሪካ ወረደ፤ ኢትዮጵያዊው ፓሪስ ገብቶ የስዊዘርላንዳዊውን ሥራ ተመለከተ። መንገድ እንዲህ ይጠማዘዛል። የእስክንድር ቀለም ግን ከገብረ ክርስቶስ የተለየ ነው። በ1964 የሠራው የሌሊት በረራ ሥዕል ከጨለማ የሚነሣ ነው፤ ብርሃኑ በጨለማው ላይ እንደ ከዋክብት ይፈነጥቃል፤ ከአገራችን የክታብ ጠልሰም የወረሰው ምሥጢርም ይታይበታል። በኋላም አሜሪካ ገብቶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ እስከ መሥራት ደረሰ፤ የልጡ ቡናማ መልክ ራሱ ቀለም ሆነለት። ለአንዱ መንገድ ቀዩን አጋለለት፤ ለሌላው ጨለማውን አበራለት። መንገድ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ስንቅ አይቋጥርም።

አሁን ከታላላቆቹ ወርደን ወደ እኔ ወደ ታናሹ እንምጣ። እኔ ቀን ቀን የመንግሥት ወረቀት የማገላብጥ፥ ማታና ቅዳሜ ሥዕል የምሥል ሰው ነኝ። ኮሎኝም ፓሪስም አልሄድሁም። የእኔ መንገድ ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወላይታ ሶዶ ላይ የሚያበቃ ነበር። ሶዶ የወላይታ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከ2023 ወዲህም ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከሎች አንዷ ሆናለች። ከበላይዋ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የዳሞታ ተራራ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሶ ሲያንቀላፋ፥ ወደ ረፋዱ ላይ ጉሙን ገፍፎ ሲነሣ ከቢሮአችን መስኮት ይታያል።

በአዲስ አበባ ሳለሁ የምሠራቸው ሥዕሎች ግራጫና ሰማያዊ የሚበዛባቸው ነበሩ። ቆርቆሮ ጣሪያ፥ አስፋልት፥ የክረምት ሰማይና የሲሚንቶ ግድግዳ ሲያይ የዋለ ዓይን ምን ሊሠራ ይችላል? ሶዶ በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት ከሳጥኔ ውስጥ ቀድሞ ያለቀው ቱቦ ቀዩ ሆነ፤ ግራጫው ሳይነካ ከረመ። ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የወላይታ አፈር ቀይ ነው። ሲደርቅ ብርቱካን ይመስላል፤ ዝናብ ሲመታው ጠቁሮ ጉበት ይመስላል። በኖራ የተለሰነ ነጭ ግድግዳ ክረምት ሲገባ እስከ ወገቡ ድረስ በፍንጣቂው ይቀላል። በዚህ ቀይ ላይ እንሰቱ ቆሟል። እንሰት ሰፊ ቅጠል ስላለው ፀሐይ ከፊት ለፊቱ ስትመታውና ከጀርባው ስታበራበት ሁለት የተለያየ አረንጓዴ ነው፤ ከጀርባው ስታበራበት ወደ ቢጫ ይጠጋል። ቀይና አረንጓዴ ደግሞ በቀለም ሕግ ተቃራኒዎች ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ እርስ በርሳቸው ይጋጋላሉ። እኔ ሳልጠይቃቸው በየጓሮው እንዲህ ሲጋጋሉ እየዋሉ ማታ ወደ ክፍሌ ገብቼ በግራጫ ልሥል ማለት ዓይንን በጉልበት መጨፈን ነው።

በወላይታ ደቡብ ምሥራቅ በኩል የአባያ ሐይቅ አለ። ሐይቅ ሲባል ሰማያዊ የሚመስለው ሰው አባያን ሲያይ ይደነግጣል፤ ውኃው ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀይ ነው። ወንዞች ጠርገው የሚያስገቡት ደቃቅ አፈር በውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ነው ይባላል። ወደ ጋሞ ወርደህ ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ከፍታ ብታይ ደግሞ አባያና ጫሞ፥ ቀዩና ሰማያዊው፥ በአንዲት የመሬት ድልድይ ተለያይተው ጎን ለጎን ተኝተዋል። ያን ካየሁ በኋላ «ውኃ» ስል ሰማያዊ ቀለም አንሥቼ አላውቅም። መንገድ ለሠዓሊ የሚያደርገው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ አዲስ ቀለም ከመስጠቱ በፊት የለመደውን የቀለም ስም ያፈርስበታል። ሰማዩ ሰማያዊ፥ ሣሩ አረንጓዴ፥ ውኃው ሰማያዊ እያልን ከልጅነታችን የተማርነው ነገር ሁሉ ለፈተና ይቀርባል።

ቀለምን በሚመለከት በሶዶ ያገኘሁት ታላቅ መምህር ግን አንድ አረጋዊ ሸማኔ ናቸው። የወላይታን ዱንጉዛ አይተህ ታውቅ ይሆናል፤ በቀይ፥ በቢጫና በጥቁር ክር የሚሠራው ደማቅ ልብስ ነው። በመስከረም፥ አደይ አበባው ፈንድቶ የጊፋታ በዓል ሲደርስ ከተማው በእርሱ ያጌጣል። እኒህን ሰው ከሥራ ስወጣ እየተቀመጥሁ እመለከታቸው ነበርና አንድ ቀን፥

«ጋሼ፥ ከጥቁሩ ቀጥሎ ቢጫው የሚገባው ስለ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

መወርወሪያውን ሳያቆሙ፥ «ልጄ፥ ጥቁር ብቻውን ጥቁር አይደለም፤ የሚያጠቁረው ጎረቤቱ ነው። ከሰማያዊ አጠገብ ብታስቀምጠው ይሞትብሃል፤ ከቢጫ አጠገብ ይነሣል» አሉኝ።

በልቤ እጅግ ተደነቅሁ። ምክንያቱን ልንገርህ። በፈረንሳይ አገር ሚሼል ኦዤን ሼቭረል የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበረ። በፓሪስ ጎብለን በተባለው የታወቀ የምንጣፍና የመጋረጃ መሥሪያ የቀለም ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሳለ፥ ከሰማያዊና ከሐምራዊ ጋር የሚሸመነው ጥቁር ክር ጥቁረቱ ደካማ ነው የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ሊቁ ክሩን ከሌላ ፋብሪካ ጥቁር ክር ጋር አስተያይቶ ቢመረምረው በቀለሙ ላይ ጉድለት አጣበት። ጥፋቱ የጎረቤቱ ሆኖ ተገኘ። ይህን መነሻ አድርጎ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ስለሚያሳድረው ለውጥ በ1839 ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ ብዙ የአውሮፓ ሠዓሊዎችም ከዚያ መጽሐፍ ተማሩ። እኒህ ሽማግሌ ሼቭረልን አያውቁትም፤ ሼቭረልም ሶዶን አያውቃትም፤ ሁለቱም ግን ከክር አጠገብ ተቀምጠው አንዱን እውነት አገኙት። እንግዲህ መንገድ ዓይንን የሚለውጠው እንዴት እንደ ሆነ ሽማግሌው ነገሩን። ቀለም በጎረቤቱ ይለወጣል፤ ሰውም ጎረቤቱን ሲለውጥ የሚያየው ሁሉ ይለወጣል።

በሌላ ቀን ካንዱ ሥዕሌ ጋር ሄድሁ። ቀይ፥ አረንጓዴና ጥቂት ነጭ ብቻ ያለበት ሥዕል ነው። እርሳቸውም ግራ ቀኝ አዙረው አይተው፥ «ልብስ ቢሆን ማን ይለብሰው ነበር?» አሉኝ። «ጋሼ፥ ይኼ ዓይን የሚለብሰው ነው» አልኋቸው። ሳቁና፥ «እንግዲያስ ጫፉን ቋጨው፤ ዓይንም ቢሆን ብርድ ይገባዋል» አሉ። ስለ ረቂቅ ሥዕል ብዙ ትችት አንብቤአለሁ፤ እንደዚህ ያለ የሚጠቅም አስተያየት ግን አላገኘሁም። ቀለም በሸራው ጠርዝ ላይ እንዴት እንደሚያልቅ ከዚያ ቀን ወዲህ አጥብቄ አስባለሁ።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። መንገደኛ ሠዓሊ የደረሰበትን አገር ደማቅ ቀለም እንደ ማስታወሻ ዕቃ ሸምቶ ሊመለስ ይችላል። የዱንጉዛን ሦስት ቀለም በሸራ ላይ ደርድሮ «ወላይታ» ብሎ መሰየም ይቀላል። ይህ ግን የሸማኔውን ሥራ በሸማኔው ፊት መድገም ነው፤ ሽማግሌው የተሻለ አድርገው ሠርተውታል። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይባላልና። ከአንድ አገር ልንወስድ የሚገባን የቀለሞቹን ዝርዝር ሳይሆን የጉርብትናቸውን ሥርዓት ነው። ማን ማንን ያጋግላል? ማን ማንን ያበርዳል? ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ማን ይሞታል፥ ወደ ማታ ሲጋደም ማን ይነሣል? ይህን ያወቀ ሠዓሊ ወደ ሌላ አገር ቢሄድም፥ የአገሩን ምልክት አንድም ሳይሥል የአገሩን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የገብረ ክርስቶስ ቀይ እንዲህ ያለ ይመስለኛል።

የቀረችውን አንዲት ነገር ደግሞ ችግር አስተማረችኝ። የሠዓሊ ቀለም በሶዶ ገበያ እንደ ዳጣ በየሱቁ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ለማስመጣትም የጀማሪ ሠራተኛ ኪስ አይፈቅድም። ቀዩ ቱቦ ባለቀ ጊዜ መንገድ ከተቆረጠበት ገደል ጥቂት አፈር አመጣሁ። በውኃ በጥብጬ፥ አሸዋው ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ቀይ ውኃ ቀድቼ፥ አጥልዬ አደረቅሁት፤ ደቃቁን ፈጭቼ በነጠላ ቁራጭ ነፋሁት። ከዚያ በተልባ ዘይት ለወስሁት። የዓለም ሠዓሊዎች ለብዙ መቶ ዓመት የሚጠቀሙበት የዘይት ቀለም መለወሻ እኛ በጾም የምናውቀው የተልባ ዘይት መሆኑን ሳውቅ ለብቻዬ ሳቅሁ። ቀዩን የሚያቀላው በአፈሩ ውስጥ ያለው የዛገ ብረት ነው፤ ይህም ፀሐይ ቶሎ ከማያደበዝዛቸው ቀለሞች አንዱ ነው። ሲየና የኢጣሊያ ከተማ ስም ከሆነ፥ እኔም ለዚህ ቀለም በጠርሙሱ ላይ «ሶዶ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ማንም አልከለከለኝም።

አሁን የዝውውር ደብዳቤዬ ወጥቷል። ሐምሌ ላይ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። እናቴ ስእለቷን አስገብታለች፤ ጓደኞቼም «እንኳን ተገላገልህ» ብለው ጽፈውልኛል። እኔ ግን ደስታዬ ሙሉ አይደለም። የምፈራው ናፍቆቱን አይደለም፤ ናፍቆት ለሠዓሊ መልካም እንደ ሆነ ከታላላቆቹ ተምሬአለሁ። የምፈራው ዓይኔ ቶሎ መልመዱን ነው። አንድ የወተት ቆርቆሮ ሙሉ የተነፋ አፈር ይዤ እሄዳለሁ። ይህ ቀይ ከእንሰት አጠገብ ተወልዶ ከሲሚንቶ አጠገብ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን አላውቅም። እንደ ኮሎኙ ቀይ ይጋጋል ይሆናል፤ ሊሞትም ይችላል። ሸማኔው ጎረቤቱ ይወስናል ብለዋልና፥ ጎረቤቱን መምረጡ የእኔ ፈንታ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ወንድምም ሁን እኅት፥ ምናልባት የአንተም የምደባ ወረቀት በዚህ ሳምንት ይደርስህ ይሆናል። ሠዓሊ ባትሆንም አንዲት ትንሽ ደብተር ያዝ። በደረስህበት አገር የመጀመሪያውን ወር በየቀኑ አንድ ቀለም ጻፍባት፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን ከማን አጠገብ እንዳየኸው ጨምረህ ጻፍ። «ቀይ፥ ከእንሰት ሥር፥ ከዝናብ በኋላ» እንደ ማለት ነው። ሠላሳው ቀን ሲሞላ ደብተሩን ገልጠህ አንብብና ያን ጊዜ ዝውውር መጠየቅ ካሻህ ጠይቅ።